ስልሳ አራት ኪሎ ትርፍ

ሰኞ፣ 2

ከዛሬ ጀምሮ የዕቃ ቫን የሚነዳ ሁሉ የጉዞ ደብተር ይያዝ ተባለ። አለቃዬ ሁለት ሰጠኝ። «አንዱን መጣልሽ አይቀርም» አለኝ፤ እምነት ማለት ይኼ ነው። አንዱ ለደንቡ ሲባል ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል፦ ከየት ተነሳሁ፣ ምን ጫንኩ፣ ስንት ሰዓት ደረስኩ። ይኼኛው የኔ ነው። ማንም ማኅተም አይመታበትም።

አዲሱ ደንብ የመጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል። እስከ ዛሬ ሚዛን ጣቢያ የሚገባው ትልልቁ የጭነት መኪና ብቻ ነበር። እኛ ቫኖች በጎን ሹልክ እያልን፣ ለተሰለፉት እጃችንን እያውለበለብን እናልፍ ነበር። ዛሬ የመሳቅ ተራው የነሱ ሆነ። ዕቃ የሚያመላልስ ቫን ሁሉ፣ ባዶም ቢሆን፣ ሳይገባ አያልፍም። መድረኩ ላይ በሰው እርምጃ ይወጣል። ጠቅላላ ክብደቱ ከነሹፌሩ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ አይበልጥም። የፊት እግርና የኋላ እግር፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች፣ ለየብቻ ይመዘናሉ። ዝርዝር ላይ ያልተመዘገበ ሰው አይሳፈርም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ ያገኘ ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ይያዛል።

ስድስት ወር! እኔ ከመሪ ሌላ የምይዘው ነገር አላውቅም። ድስት እንኳ ስይዝ ባለቤቴ ይደነግጣል።

ደንቡን ጮክ ብሎ ያነበበልኝ አባዬ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖራል። አንብቦ ሲጨርስ «እኛ በጊዜያችን ሚዛን ስናይ ሆዳችንን ወደ ውስጥ እንስብ ነበር» አለና ለብቻው ሳቀ።

ካለፈው ወር ጀምሮ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ ይውላል። የማስከትለው መንገድ ስለሚያውቅ ነው። (መንገዱ አንድ ነው፤ ከመጋዘኑ እስከ ማራገፊያው ቀጥ ያለ። ቢሆንም።)

ረቡዕ፣ 4

ማራገፊያው ላይ ተራ እየጠበቅኩ። በችኮላ።

ማስጠንቀቂያ አንድ። ገና ስገባ! ስልሳ አራት ኪሎ ትርፍ። መጋዘን ጠባቂዋን ሳገኛት!

ቤት፣ ከእራት በፊት።

መጋዘን ጠባቂዋ ላይ አልጮህኩም። ጥፋቷ አይደለማ።

የምጭነው የወለል ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ ተንኮለኛ ነው፤ ቫኑ ሲሶ እንኳ ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል። ሚዛኑ ጋ በመስኮት የሚያነጋግረው ሹም ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ቀጭን ሰው ነው። ሹፌሮች «ግራም» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ አንዲት ግራም አይምርም። መድረኩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ቁጥሩን አየ።

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ አራት።»

«አይሆንም! መጋዘን ጠባቂዋ እኔን ጨምራ ልክ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብላ ነው የጻፈችው። ይኸው ወረቀቱ።»

«ወረቀቱን አልመዘንኩም፣ እህቴ።»

ይኼኔ አባዬ በኔ ላይ ተንጠራርቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ስልሳ አራት ነው ያልከው? እሱማ እኔ ነኝ! ባለፈው ሐኪም ቤት ስልሳ ስድስት ነበርኩ። አየሽ፣ ከስቻለሁ እያልኩሽ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባት፣ ዝርዝሩ ላይ አሉ?» አለው ግራም።

«እኔ? ይህ መንገድ አፈር ሳለ ጀምሮ የነዳሁበት ሰው ነኝ።»

«መንገዱን አልጠየቅኩም። ዝርዝሩን ነው።»

ስለ አባዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ፣ በቃል ብቻ አሳሰበኝ። ስለ ክብደቱ ግን ማስጠንቀቂያውን አትሞ ሰጠኝ፤ ሦስት ካርቶንም አስወርዶ ግቢው ውስጥ አስቀረብኝ። ስመለስ አነሳኋቸው። አባዬ መንገዱን ሙሉ በደስታ ሲፈነድቅ ነበር፤ ሁለት ኪሎ መክሳቱን መንግሥት አረጋገጠለት።

ሐሙስ፣ 5

አባዬ ዛሬ ከመጋዘን እስከ ሚዛን «ምንድነው የጫንነው?» ብሎ አራት ጊዜ ጠየቀኝ። በአራተኛው «ዝሆን» አልኩት። «ታዲያ ለምን አይጮህም?» አለኝ። ይቀልድብኛል። ሲቀልድ ፊቱ አይታወቅም፤ ድሮም እንዲሁ ነው።

ሆን ብዬ በዝግታ ነዳሁና ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ አለፍን። እንዲህ ሆኖ ግን አይዘለቅም።

እሁድ፣ 8

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። መድኃኒት ቤት አለው፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የሚኖረው። ሲያወራ ሁሉን ነገር በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚያዝ ይመስላል።

«አባዬ እንዴት ነው?»

«በጣም ደህና ነው።»

«እንቅልፉስ? የሚረሳውስ ነገር?»

«ማን የማይረሳ አለ? አንተ የልደቴን ቀን ስንት ዓመት ረሳህ?»

«ከልጆቹ ጋር እኛ ጋ ሰንበት ይበል ብዬ ነው» አለ። አባዬ እዚህ ለምዷል አልኩት። ስዘጋው ባለቤቴ ከጎን እያየኝ ነበር። «ዓይንሽ ተርገበገበ» አለኝ። ልጅ ሳለሁ ስዋሽ ዓይኔ ይርገበገብ ነበርና አባዬ «ፍሬቻ» ብሎ ስም አወጣልኝ፤ መኪና ሊታጠፍ ሲል እንደሚያበራው ማለቱ ነው። አሁን ትልቅ ሴትዮ ነኝ። ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነው።

አባዬን በረዳትነት ባስመዘግበው ያልቅ ነበር። ለዚህ ግን የጤና ምርመራ ወረቀት ይፈልጋሉ። ሽማግሌ ሰው በከንቱ ሐኪም ቤት ለምን ላመላልስ? ሠላሳ ስድስት ዓመት የነዳ ሰውስ «ረዳት» ተብሎ ሲጻፍ ምን ይላል? ጭነቱን በስልሳ አራት ኪሎ እንዳልቀንስ ደግሞ አለቃዬ «ለምን?» ይለኛል። ምን ልለው ነው?

ቤት እንዳልተወው ባለቤቴ ፀጉር ቤቱን ከፍቶ የሚገባው ሲመሽ ነው። ባለፈው ወር አባዬ ማንቆርቆሪያ ጥዶ ወጥቶ፣ ማንቆርቆሪያው ቀልጦ ምድጃው ላይ ተጣበቀ። የማንቆርቆሪያ ጥራት ወርዷል።

ረቡዕ፣ 11

መላ ተገኘ!

ከሚዛኑ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። አባዬን እዚያ አወርደዋለሁ። በጣቢያው አጥር ጀርባ ባለው የእግር መንገድ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ወዲያ ማዶ ያለው የአውቶቡስ መጠለያ ሥር ይቆማል። እኔ ተሰልፌ፣ ተመዝኜ፣ ወጥቼ አነሳዋለሁ። ሦስት ሺህ አምስት መቶ፤ ዝንፍ አላለም።

«ኮንትሮባንድ ሆንኩ በይኛ» አለኝ አባዬ ሲገባ። ፊቱ በርቷል። መራመዱ ለጤናውም ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ተጠቀመ።

ቅዳሜ፣ 14

ማስጠንቀቂያ ሁለት።

ጠቅላላው ልክ ነው። የኋላ እግር ግን ከበደ። ዛሬ አባዬ አኩርፎ (ካልሲው ጠፍቶበት እኔን ሌባ አለኝ፤ ኋላ ላይ በእጁ ይዞት ተገኘ) ወደ ጭነቱ ዝር አላለም፤ ጫኞቹ ካርቶኑን እንዳመጣላቸው ከኋለኛው በር አጠገብ ደረደሩት። እኔም አላረምኳቸውም።

ግራም ወረቀቱን ሲሰጠኝ «አንድ ቀረሽ» አለ። በክፋት አይደለም። «ዝናብ ሊመጣ ነው» እንደሚል ሰው ነው ያለው።

አለቃዬ በሩቁ ሰምቶ «ይቺ ልጅ ሳንባረር አታርፍም» አለ ለመጋዘን ጠባቂዋ። «ሳንባረር» ማለቱ ደስ አለኝ፤ አብረን ነን።

ማክሰኞ፣ 17

አባዬ ዛሬ መጋዘን ገብቶ ጭነቱን ያዘ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «ያቺን ወደ ፊት! ወደ ፊት አልኩህ፣ ከጋቢናው ግድግዳ አስጠጋት! ከባዱ ከኋለኛው ጎማ ፊት ይቅር፣ ጭራዋን አታስከብዷት!» እያለ አራት ጎረምሳ ጫኝ አንቀጠቀጠ። አንድም ነገር አልረሳም። ስንት ካርቶን የት እንዳለ ሳይቆጥር ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ወንድሜ ይረሳል የሚለው።

ሚዛኑ ጋ ግራም ቁጥሩን አይቶ መነጽሩን አወለቀ። የፊትና የኋላ እግር በወርቅ ሚዛን የተለካ ይመስላል።

«ማነው የጫነው?»

«እኔ» አልኩ። ዓይኔ አቧራ ገባበት።

«ጥሩ እጅ ነው» አለ። ለአባዬ ስነግረው እስከ ማራገፊያው አፉን አልከደነም። ከዚያ መመለሻው ላይ «ያ ሰውዬ ስለ ጭነቱ ምን አለ?» አለኝ። ነገርኩት። እንደገና እንደ አዲስ ደስ አለው። ምስጋና መስማት የሚጠላ የለም።

እሁድ፣ 22

ከሰዓት፣ ልብስ እያሰጣሁ ባለቤቴ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ከወንድሜ ጋር ነው። «እሷ እስክትለው እንጠብቅ» አለ። «ካልገፋናት ራሷ ትመጣለች።» ስገባ ስልኩን ዘጋና ስለ ጣሪያው መፍሰስ ማውራት ጀመረ። ስለ ጣሪያው ነበር መሰለኝ። ጣሪያው በእርግጥ ያፈሳል።

አባዬ ጠዋት በእናቴ ስም ጠራኝ። ድምፃችን ይመሳሰላል፤ ሁሉም ይለው ነበር።

ሐሙስ፣ 26

ጎረቤታችን ዛሬ በሩን ከውስጥ ሲከፍት አባዬን ከውጭ ቁልፍ እየሞከረ አገኘው። አባዬ ከእግር እስከ ራሱ አይቶት «አንተ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?» አለው። ጎረቤታችን ሲነግረኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ጨዋታ የማያውቅ ሰው ነው።

ከሳቅኩ በኋላ ለምን ማጀት ገብቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ሰኞ፣ 30

አባዬ የለም። መጠለያው ሥር የለም።

ማክሰኞ፣ 1

ዛሬ ፈቃድ ወስጃለሁ። አባዬ ሳሎን ተኝቷል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። የትናንቱን ሁሉ ልጻፈው።

ሲያካፋ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው። አባዬን እንደ ሁልጊዜው ጎሚስታው ጋ አወረድኩት። «ቀስ እያልክ ሂድ፣ ያዳልጣል» አልኩት። «መንገድ ለኔ ነው የምታስተምሪው?» አለኝ። ተመዘንኩ፤ ልክ ነው፤ ወጣሁ። መጠለያው ሥር አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበረች። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አሥር። በእግር መንገዱ ሮጥኩ፤ ጎሚስታው ድረስ ማንም የለም።

«ደህና ዋል ብሎኝ ሄደ እኮ» አለኝ ጎሚስታው።

«በየት በኩል?»

በጎማ ማላቀቂያው ብረት ወደ መጣንበት አቅጣጫ አመለከተኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ የግራምን መስኮት እየደበደብኩ ነበር።

«አባቴ ጠፋ!»

«ከየት ጠፉ?»

«ከ... ከጎሚስታው።»

«ጎሚስታው ጋ ምን ያደርጉ ነበር?»

የምለው ውሸት ፈለግኩ። አጣሁ። «ሚዛኑን እስካልፍ እዚያ አወርደዋለሁ። በአጥሩ ጀርባ ዞሮ ማዶ ይጠብቀኛል። ይቅርታ። ሦስተኛውን ወረቀት ስጠኝ፣ ብቻ እርዳኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ግራም።

«ምን?»

«በጀርባ መስኮቴ ነው የሚያልፉት። ሁልጊዜ ባርኔጣቸውን ያነሱልኛል።»

ኮንትሮባንዱ ለጉምሩክ ሰላምታ ይሰጥ ነበር!

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በእግሩ የሚሄድ ሰው አልመዝንም። ደንቡ ላይ የለም።» ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ዛሬ ግን አላለፉም። ምን ለብሰዋል?»

ግራጫ ካፖርት፣ ቡናማ ባርኔጣ። ጻፈው። ከዚያ በሁለቱም አቅጣጫ የሚገባውን ሹፌር በሙሉ፣ ወረቀት ከመጠየቁ በፊት፣ «ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አይተሃል?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። ሰልፉ ሲረዝም ጡሩምባ ነፉበት፤ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ዕቃ የሚያመላልስ ሳይገባ አያልፍም የሚለውን ደንብ ስንት ቀን ረግሜዋለሁ! ማንም ሳይጠየቅ አላለፈም። አንዱ አላየሁም አለ፤ ሌላው አላየሁም አለ። በአሥራ አንደኛው ዱቄት የጫነ ሹፌር ገባ።

«ድልድዩ ጋ አንድ ሽማግሌ አይቻለሁ። የቆመ ተሳቢ ጎማ በእግሩ እየመታ ይመረምራል።»

«እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ሂጂ» አለኝ ግራም። «ቀስ ብለሽ ንጂ። እሳቸው አሁን አይቸኩሉም፤ አንቺም አትቸኩዪ።»

ድልድዩ ከጣቢያው ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነው። አባዬ የድልድዩ መከለያ ላይ ተቀምጧል። የተሳቢው ሹፌር ሸራ አልብሶታል። ባርኔጣው እርጥብ ነው፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ። ሲያየኝ ብድግ አለና በእናቴ ስም ጠራኝ።

«ምነው እንዲህ ቆየሽ? በይ ነይ እንሂድ። ፍሬቻ እቤት ብቻዋን ናት።»

ዝናቡ ፊቴ ላይ መውረዱ በጀኝ።

«ፍሬቻ ደህና ናት» አልኩት። «ትልቅ ልጅ ሆናለች።»

«አልቅሳ ይሆን?»

«ትንሽ።»

«እንዲያው ሆደ ባሻ ናት» አለና እጄን ያዘኝ። እጁ በረዶ ሆኖ ነበር። እጄን እንደያዘ እስከ ቫኑ ሄድን። የተሳቢው ሹፌር «አባትሽ ናቸው? የግራ የኋላ ጎማዬ ነፋስ እያጣ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው» አለኝ። አመሰገንኩት።

ማሞቂያውን ከፈትኩለት። ጥቂት እንደሄድን ትንፋሹ ተመለሰ፤ ዙሪያውን አየ። ጎሚስታው ጋ ስንደርስ ሳልቆም አለፍኩ።

«እዚህ አትጥዪኝም?» አለ። ወደኔ ተመልሷል።

«ዛሬ አብረን ነው የምንመዘነው።»

መድረኩ ላይ ወጣሁ። ግራም አባዬን አየ፤ ባርኔጣ ስላልነበረው ጣቱን ወደ ግንባሩ አነሳ። ከዚያ ቁጥሩን ሳያይ ወደኔ ዞረ።

«ገጽ ሁለትን አንብበሻል?»

«የምን ገጽ ሁለት?»

«የደንቡን። በር ላይ የለጠፉት ገጽ አንድን ብቻ ነው። ሁለትን ማንም አያነብም።» የለቀስተኛ ፊት አድርጎ እንዲህ ሲል እንባዬ መሀል ሳቄ መጣ። «ሹፌሩ ራሱ ትርፍ እንዳለው ቀድሞ ካስታወቀ፣ መድረኩ ላይ እንዳለ አቅልሎ እንደገና ይመዘናል። ማስጠንቀቂያ የለበትም። ታስታውቂያለሽ?»

«አስታውቃለሁ። ትርፍ አለኝ።»

«ስንት?»

«ስልሳ አራት ኪሎ።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚህ፣ አጠገቤ።»

«እኔን ነው የምታወርዱት?» አለ አባዬ።

ከኋላችን የተሰለፈው ዘይት የጫነ ሹፌር ሳይቀር ሳቀ። ሦስት ካርቶን ወረደ። «ከኋላ አይደለም፣ ከመሀል!» እያለ ያወረደው አባዬ ነው።

ከዚያ ግራም አንድ ቅጽ በመስኮት ሰጠኝ። እሱም ከገጽ ሁለት ነው፤ «በሹፌሩ ኃላፊነት የሚጓዝ የቤተሰብ አባል» ይላል። ረዳት መሆን አያስፈልግም፤ የሐኪም ወረቀቱም በአንድ ወር ውስጥ ቢቀርብ ይበቃል። ዝምድና፦ አባት። ዕድሜ፦ ሰባ አራት። ቀጥሎ «ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ።

እስክሪብቶው እዚያ ቆመ። «መንገድ ስለሚያውቅ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ «መን» ላይ ስደርስ አባዬ ከጎን ዓይኔን ዓይኔን ያያል።

«ፍሬቻ» አለኝ በቀስታ።

«መን»ን ሰረዝኩ። ጻፍኩ። «ምን አልሽ? አንብቢልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። «ስለሚረሳ ብቻውን ሊቀር አይችልም።»

መጥረጊያው ዝናቡን ሲጠርግ አየ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ረሳሁት እንጂ።»

ቅዳሜ፣ 5

ባለቤቴንና ወንድሜን አስቀምጬ ነገርኳቸው። ያዘጋጀሁትን ንግግር ሳልጀምር «አባዬ ይረሳል» ብቻ ወጣኝ። እንዴት እንደሚደነግጡ ስፈራ ነበር። ወንድሜ መነጽሩን ጠረገ፤ ባለቤቴ ሻይ ቀዳልኝ። አንዳቸውም አልደነገጡም።

«ለካ ስለ ጣሪያው አልነበረም» አልኩት ባለቤቴን።

«የቱ ጣሪያ?» አለ።

እነሱ ሲጠብቁ እኔ አባዬን በዝናብ ስጥል ከረምኩ። ይህን ሳስብ እበሳጫለሁ፤ መጀመሪያ በነሱ፣ ከዚያ እውነቱን ለመናገር በራሴ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ወንድሜ ጋ ይውላል፤ ሐሙስና ዓርብ ከኔ ጋር። ቅዳሜ ፀጉር ቤት። አባዬ ይህን ሲሰማ «እንደ አውቶቡስ መስመር አወጣችሁልኝ» አለ።

ረቡዕ፣ 9

ሐኪም ቤት። ሦስታችንም ከአባዬ ጋር ሄድን። ሐኪሟ ደግ ናት፤ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችው። «አንቺ ሐኪም ሆነሽ ካላወቅሽ እኔ ምን ላድርግ» አላት። ሳቀች፤ ግን ጻፈች። የበሽታውን ስም ነገረችን። አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም፣ ቀስ ይላል አለች። ስሙን ዛሬ እዚህ አልጽፈውም።

ለግራም የሚሰጠውን ወረቀት ሞላችልን።

ሰኞ፣ 14

ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ሐሙስና ዓርብ ጭነት እንደምቀንስ፣ ለምን እንደምቀንስም። ጢሙን አሸት አሸት አደረገና የሴራሚኩን መስመር ለሌላ ሹፌር ሰጠው። ሆዴ ባባ፤ አራት ዓመት የነዳሁበት ነው። ለኔ የስፖንጅ ፍራሽ ደረሰኝ። ቫኑ እስከ ጣሪያው ይሞላል፣ ሚዛኑ ግን የጫንኩም አይመስለው። አባዬ ሐሙስ ዕለት አይቶት ምን እንደሚል ከወዲሁ አውቃለሁ።

(ሐሙስ ማታ፦ «ነፋስ ጫንን» አለ። ቢሆንም ሁለት ፍራሽ አስወርዶ እንደገና አስጫነ።)

ዓርብ፣ 25

ሚዛኑ ሰልፍ ላይ ነን። ፀሐይ ነው። ከፊታችን ስምንት መኪና አለ።

ትናንት ደህና አልነበረም፤ ዛሬ ደህና ነው። ነገ እንዴት እንደሚሆን መጠየቅ ትቻለሁ። ማለትም እየተውኩ ነው። ወንድሜ ጋ በሚውልባቸው ቀናት ጋቢናው ይሰፋኛል፤ ብቻዬን አወራለሁ።

ይህን ስጽፍ አባዬ አንገቱን አስግጎ «ሁልጊዜ ምንድነው የምትጭሪው?» አለኝ። ልደብቀው ነበር። ከዚያ ለምን? አልኩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩለት። ዝሆኑ ጋ ሳቀ። ካልሲው ጋ «እውነቱን ነው፣ እሷ ናት የወሰደችው» አለ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ዘልዬ ልሂድ ብዬ ገጽ ሳገላብጥ «ኧረ አትዝለዪ፣ መኪናው ተሳቢ ነው ያልሽው?» አለኝ። አነበብኩለት። እጁን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ አንድ ሰው ሩቅ አገር የሆነ ነገር ሲነግረው እንደሚሰማ፣ አዳመጠ። ሳንጨርስ ከፊታችን ያሉት አለቁና ቫኑን ወደ መድረኩ አስጠጋሁ።

«ይህ ሽማግሌ ደስ ይላል» አለኝ። «የማን አባት ነው?»

ፊቱን አየሁት። ይቀልድ፣ አይቀልድ አልታወቀኝም። አልጠየቅኩትም።

«የኔ» አልኩት።

«ታድለሽ» አለኝ።